የኤልቪዮ ውሃ

ኤልቪዮ ታሳን ዛሬ የውሃ ቆጣሪ ያነባል፣
በጀሞና ሰፈር በር ለበር ይዞራል፤
የብረት ክዳኑን በሁለት ጣት ያነሣል፣
ተንበርክኮ ያያል፣ ቁጥሩን ይመዘግባል።
«ድሮስ ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ልጅ ሲጠይቀው፣
«ያው ውሃ ነው» ይላል፤ የሚገባው የለው።

እኔ ግን ይገባኛል።
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላው በመኪና፣
ጭኔ ላይ ትርፍ ጎማ፣ ጣቶቼ በካቴና
ቅባት እንደ ጠቆሩ፣
አይቼዋለሁ ሲወርድ፣ አይቼዋለሁ ሲወጣ በየተራራው ዙሩ።
ሦስት ኮዳ በጀርባው ኪስ፣ ሁለት ከአንገቱ ሥር፣
አንዱን በጥርሱ ነክሶ፣ አንዱን በእጁ፣
ጎታ መስሎ ይፈጥናል ከጌታው ዘንድ ሊደርስ፤
ጌታው ሳንድሮ ማርኬዚን ግማሹን ጠጥቶ፣ ግማሹን በራሱ ላይ አፍስሶ፣
«ሞቋል!» ብሎ ይወረውረዋል፣ ኤልቪዮ ዳግም እንዲመለስ።

ስሙን ከመዝገቡ ፈልጉት፣ አለ፣ ከግርጌ፦
መቶ ዐሥራ ሰባተኛ፤ ዘጠና አራተኛ፤
አንድ ዓመት ትከሻው ተሰብሮ፣ አንድ ዓመት ሳንባው ቆስሎ ተኛ።
ከጌታው ሽልማት ቢደርሰው፣ ለእኅቱ የስፌት መኪና፣
ለእናቱ ቤት ጣራ፣
ለራሱ አንድ ካፖርት፤ ያውም ቁልፉ የጎደለ፣ ያውም የሌላ ሰው ነበረና።

ያን ቀን ግን፣ በዶሎሚቲ፣ በግንቦት በረዶ እየዘነበ፣
ማን ሂድ እንዳለው እንጃ፣ ከመንጋው ተነጥሎ ጋለበ።
አራት ደቂቃ ቀደመ። አራት!
ከጫፉ ሊደርስ ሦስት ኪሎ ሜትር ቀርቶት፣
ማኑብሪዮው ላይ ተደፍቶ፣ ትንፋሹ ጉም ሠርቶ፣
አለቃችን ፖላቶ ከመስኮቱ በግማሽ አካሉ ወጥቶ፣
«ቁም!» አለው። «ማርኬዚን ደክሟል። ጠብቀውና ጎትተው።»
ኤልቪዮ አልተከራከረም። ፍሬን ያዘ። አንድ እግሩን መሬት አስነካው።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት፣ የበረት ቦቲ ያጠለቀች፣
«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ሂድ እንጂ!» ብላ ጮኸች።
«ሰው እየጠበቅሁ ነው» አላት፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ።
በረዶው ትከሻው ላይ ይከመራል፤
እኔ ጎማዬን ታቅፌ፣ ከመስተዋት ኋላ ድብቅ።

ማርኬዚን ደረሰ። ቀና ብሎም አላየው፤ ኮዳውን ተቀበለ፣ ከኋላው ተለጠፈ፤
ኤልቪዮም እስከ ጫፉ ነፋሱን በደረቱ ቀዘፈ።
በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ማርኬዚን እጁን ዘርግቶ፣
ከፎቶው ጥግ አንድ ክርን፣ ከመቀሱ ለጥቂት አምልጦ ወጥቶ።
የማን ክርን እንደሆነ አውቃለሁ። ፋሻውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ሠላሳ ዓመት ይህን ነገር እንደ ጠጠር በጫማ ይዤ ኖርኩ፦
«በለው፣ ሂድ!» ብል ምን ነበር? ማንን ፈራሁ? ምን አተረፍኩ?

በቀደም ተራው ሆነና እኔ ቤት ደረሰ፤
ከምድር ቤቱ ተንበርክኮ፣ ባትሪውን እንደ ኮዳ በጥርሱ ነከሰ።
ያኔ አወጣሁት። «ኤልቪዮ፣ ያን ቀን…» ስል፣ እጁን አነሣ፦
«ፒዬሮ፣ እግሬ እኮ አልቆ ነበር። ያ ‹ቁም› ባይመጣ፣
ከሁለት ኩርባ በኋላ ራሴው እቆም ነበር፣ እያለቀስኩ።
ትእዛዝ አዳነኝ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ለተነጠቅሁት ድል ተብሎ፣
ያልነበረኝን ድል፣ ወይን እየተጋበዝኩ!
ለባሩ ሰው እንዳትነግር።»

ሳቀ። ጻፈ፦ ሰባት ሜትር ኩብ።
«ቧንቧህ ያንጠባጥባል» ብሎ፣ በመፍቻው ጠበቅ አድርጎልኝ ሄደ።
ያን ሌሊት እንቅልፍ እንደ ሕፃን ወሰደኝ።
ጠዋት ነው የጠረጠርኩት፤ እውነቱን ነው የነገረኝ?
ወይስ ፊቴን አይቶ፣ ጥሜን አውቆ፣
እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ወርዶ፣
አንዲት ኮዳ አቀበለኝ?

ቧንቧው ግን ከዚያ ወዲህ
ጠብ አላለም።